የመምህር ታፈረ የዝናብ ጣሳ

መምህር ታፈረን በደንብ አውቃቸዋለሁ ብል ውሸት ይሆንብኛል። በሕይወቴ ያገኘኋቸው ሦስት ጊዜ ብቻ ነው፤ በሦስቱም ጊዜ ከእሳቸው ይልቅ ጣሳቸውን አብልጬ ሳላይ አልቀረሁም። ስለ አንድ ሰው ለመጻፍ ሦስት ቀን ያንሳል። ከእኔ የተሻለ የሚያውቋቸው ሰዎች ነበሩ፤ ግን እነሱ አልጻፉም። ከዚህ በታች ያለው ግማሹ በዓይኔ ያየሁት፣ ግማሹ ከራሳቸው አንደበት የሰማሁት ነው። የተሳሳትኩት ካለ ከእኔ ድክመት ይቆጠር።

የላሊበላ ልጅ ናቸው። አባታቸው ቄስ ነበሩ። እናታቸው ልጃቸው የዳዊትን መዝሙር ጨርሶ ወደ ቅዳሴ ትምህርት እስኪገባ ሲጠብቁ፣ እሳቸው ወልድያ ወርደው አሥራ ሁለተኛን ጨረሱና የመምህርነት ኮርስ ወስደው ተመለሱ። የተመደቡት ከብልባላ ከተማ የሦስት ሰዓት የእግር መንገድ በምትርቀው በጥድ አምባ ነው። ጥድ አምባ ጥድ የላትም። ሁለት ክፍል ያለው የጭቃ ትምህርት ቤት፣ አንድ ቤተ ክርስቲያን፣ አንድ የገበሬ ማኅበር ጽሕፈት ቤት አላት። ከሦስቱ በር ያለውና የሚቆለፈው ጽሕፈት ቤቱ ነበር፤ ውስጡ ግን ከማኅተም በቀር የሚሰረቅ ነገር አልነበረም።

የአራተኛ ክፍል የሳይንስ መጽሐፍ ስለ ክረምት የሚናገረው በምዕራፍ ስድስት ነው። ምዕራፍ ስድስት የሚደርሰው ደግሞ የካቲት ላይ ነው። ክረምት ሲገባ ትምህርት ቤቱ ይዘጋል። እንግዲህ ልጆቹ ስለ ዝናብ የሚማሩት ፀሐይ አናታቸውን እየበሳው ነው፤ ዝናቡ ሲመጣ ደግሞ የሚያስተምራቸው የለም። ይህን ያወጣው ሰው ማን እንደሆነ አላውቅም። ጃንጥላ ያለው ሰው መሆን አለበት።

በየካቲት 1976 መምህር ታፈረ መጽሐፉን ገልጠው ሥዕሉን አሳዩ። ቢጫ የዝናብ ልብስ የለበሰ፣ ቀይ ቦት ጫማ ያደረገ፣ ጃንጥላ የያዘ ልጅ ዝናብ ውስጥ ቆሞ ይስቃል። ከሥሩ «በክረምት ወራት እግራችን እንዳይረጥብ ቦት ጫማ እናድርግ» ይላል። መምህር ታፈረ ይህን ጮክ ብለው ሲያነቡ እግራቸውን ጠረጴዛው ሥር ሰበሰቡ። የግራው ጫማቸው ከጥምቀት ጀምሮ በሽቦ የተሰፋ ነበር።

ፀሐይቱ የምትባል የአሥር ዓመት ልጅ እጇን አወጣች።

«ጋሼ፣ ይህ ልጅ ምን ሆኖ ነው የሚስቀው?»

«ዝናብ ስለዘነበ ደስ ብሎት ነዋ።»

«ከብቶቹስ የት ሄዱ?»

«ከብት የለውም።»

«ውይ!» አለች። ክፍሉ በሙሉ አዘነለት።

«ገሳ ቢደርብ አይሻለውም ነበር?» አለ ከኋላ የተቀመጠ። «ከሣር የተጎነጎነ ገሳ ቢደርብ እጁ ነፃ ይሆን ነበር። አሁን ዱላውን በምኑ ይይዛል?»

«ዱላም የለውም።»

«ታዲያ ጅብ ቢመጣበትስ?»

መምህሩ ገጹን ገለጡት። ቀጣዩ ገጽ «መብረቅ ሲኖር ከዛፍ ሥር አትጠለሉ» ይላል። ልጆቹ በመስኮቱ ወደ ውጭ ተመለከቱ። ከትምህርት ቤቱ እስከ ማዶው ተራራ ድረስ የሚታየው ዛፍ የቤተ ክርስቲያኑ አንድ ወይራ ብቻ ነበር።

«ይህችኛዋን ትእዛዝ እንፈጽማለን» አለች ፀሐይቱ።

መጽሐፉ እንደማያዋጣ ለመምህሩ የገባቸው ያን ጊዜ ነው። በማግስቱ የጎረቤታቸውን የወይዘሮ አገሬን ማንቆርቆሪያ ተውሰው፣ ክፍሉ ውስጥ እሳት አንድደው፣ ውሃ አፈሉ። እንፋሎቱ ሲወጣ በቀዝቃዛ ውሃ የነከሩትን የድስት ክዳን ከላይ ያዙለት። እንፋሎቱ ክዳኑ ላይ ላብ ሠራ፤ ላቡ ተሰብስቦ ጠብ አለ። «ደመና ማለት ይህ ነው» አሉ። «ብርድ ሲያገኘው እንዲህ ጠብ ይላል።» ልጆቹ ሰባት ጠብታ ቆጠሩ፤ አጨበጨቡም። ወደ ቤታቸው ሲሄዱም ለወላጆቻቸው እውነቱን ነገሩ፤ መምህር ታፈረ በማንቆርቆሪያ ዝናብ አዘነቡ። ወሬው ብልባላ ገበያ ሲደርስ ነጎድጓድም ተጨምሮበት ነበር።

የዚያ ዓመት በልግ እንደ ችኩል እንግዳ ብቅ ብሎ ሳይቀመጥ ሄደ። ሰኔ ሲያልቅ ትምህርት ቤቱ ተዘጋ፤ ሌሎቹ ሁለት መምህራን ወደየአገራቸው ገቡ። መምህር ታፈረ ግን «ምዕራፍ ስድስትን አልጨረስንም» ብለው ቀሩ። ደመወዝ የሚጨመርበት ነገር አልነበረም፤ የሚያመሰግንም አልነበረም። የዱቄት ወተት የነበረበት ጣሳ አገኙ። በማስመሪያ እየለኩ፣ ውስጡን በሚስማር እየጫሩ አሥራ አምስት መስመር አሰመሩበት፤ አንዱ መስመር አንድ ሳንቲሜትር ነው። ከዚያ በትምህርት ቤቱ ግቢ መካከል እንጨት ተክለው ጫፉ ላይ አሠሩት። ጠዋት ጠዋት አይታ የምትጽፍ፣ ጽፋም የምትደፋ ፀሐይቱ ሆነች። ደብተሩን ሲሰጧት አንድ ሕግ አብረው ሰጧት።

«የምታዪውን ጻፊ። የምትመኚውን አትጻፊ። እኔ የምመኘውንም አትጻፊ።»

ፀሐይቱ ሕጉን ያዘች። ሐምሌ አምስት «ሁለት መስመር» ብላ ጻፈች። ሐምሌ ስድስት «ግማሽ»። ሐምሌ ሰባት «የለም»። ከዚያ በኋላ ያለው ገጽ ከላይ እስከ ታች «የለም» ነው፤ አንድ ቀን ብቻ «ጣሳው ረጥቧል፣ መስመር አልደረሰም» ይላል። ሰፈርተኛው በመንገድ ሲያገኛት «ዝናብ ጠባቂ አጥተው ፀሐይቱን ሾሙብን» እያለ ይቀልድባት ነበር።

በሐምሌ መጨረሻ ከአውራጃው መልእክት መጣ። አንድ ኮሚቴ በየቀበሌው ይዞራል፤ ዝናብ የጎደለበትን ቀበሌ በማስረጃ ያጣራል፤ ማስረጃው የተሟላለት ቀበሌ የምስርና የሽምብራ ዘር፣ እስኪደርስለትም የሚበላው እህል ይሰጠዋል። በአካባቢው ዝናብ ያልጎደለበት ቀበሌ አልነበረም፤ ማስረጃ ያለው ቀበሌም አልነበረም። ጥድ አምባ ብቻ ነበራት፤ ያውም በአሥር ዓመት ልጅ እጅ ጽሑፍ። የኮሚቴው ስም ከሥራው ይረዝም ስለነበር አልጽፈውም። ጸሐፊው ግን እኔ ነበርኩ።

ያን ደብተር የሚፈልገው ቀበሌው በሙሉ ነበር ብዬ ብቀጥል ደስ ባለኝ። ነገሩ እንዲያ አልሆነም።

በጥድ አምባ በረዶ የሚመልሱ መሪጌታ ደባሱ የሚባሉ ሰው አሉ። በየዓመቱ ሐምሌ ሲገባ ገበሬው ከየቤቱ አንድ አንድ ቁና ገብስ ያወጣላቸዋል፤ እሳቸውም ደመናው ሲጠቁር ጉብታው ላይ ወጥተው ይደግማሉ፣ ቀንድ ይነፋሉ። በረዶው ካልመጣ መለሱት ይባላል፤ ከመጣ ያላወጣ ሰው ተገኝቶ ነው። በዚያ ክረምት አንዲት የበረዶ ፍሬ አልወደቀችም። መሪጌታ እንደዚያ ዓመት ተሳክቶላቸው አያውቅም። አንድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ይህንኑ ሲያስታውሱ፣ ማንቆርቆሪያዋን ያዋሱት ወይዘሮ አገሬ ከሴቶቹ በኩል ተናገሩ።

«መሪጌታ፣ በረዶውን ሲመልሱ ዝናቡም አብሮ የተመለሰ መሰለኝ። ለይተው ቢመልሱልን ምን ነበረበት?»

ሰው ሳቀ። ቀጥሎ እርስ በርሱ ተያየ፤ ነገሩ እውነት ሊሆን እንደሚችል ታሰበው። መሪጌታንም ይህ መተያየት ከሳቁ ይልቅ አስፈራቸው።

«በረዶውን የመለስኩ እኔ ነኝ» አሉ። «ዝናቡን ያሰረውን ግን እዚያ እንጨት ላይ ፈልጉት። ጣሳው ውስጡ ተጽፎበታል። አርባ ዓመት ክታብ ስጽፍ አሥራ አምስት መስመር በብረት የተጻፈ አላየሁም!»

ሰኞ ሦስት ሽማግሌዎች ወደ መምህር ታፈረ መጡ። ለጠብ አልመጡም፤ እንዲያውም በጣም ትሑት ነበሩ።

«መምህራችን፣ ያችን ማንቆርቆሪያ አንድ ጊዜ ይጣዱልን።»

«አባቶቼ፣ ማንቆርቆሪያ እኮ ዝናብ አያመጣም።»

«በየካቲት አምጥታ የለም እንዴ?»

«ሰባት ጠብታ ነው! ለትምህርት ነው!»

«ማንቆርቆሪያዋ ትንሽ ሆና ነው። እኛ ትልቅ ጋን እናመጣለን፤ እንጨቱም በእኛ።»

መምህሩ ከማለዳ እስከ እኩለ ቀን ስለ ትነት አስረዷቸው። ሽማግሌዎቹ በጥሞና ሰሙ፤ ሲጨርሱም ተነሥተው «እንግዲህ ማዝነብ ችለው እምቢ ካሉ፣ አስረውታል ማለት ነው» ብለው ሄዱ። መምህር ታፈረ በዚያ ክረምት አስተምረው ያሳመኗቸው ይህን ብቻ ነበር።

ጣሳውን ከመሰበር ያዳነው ጓድ አዝመራው ነው። ጓድ አዝመራው ከወረዳ የተመደበ ካድሬ ነበር፤ ከደረት ኪሱ ሦስት እስክርቢቶ ይታያል፤ አንዱ ይጽፋል። አጉል እምነትን አጥብቆ ይጠላ ስለነበር ሕዝቡን ሰብስቦ ጣሳው ሳይንስ መሆኑን አስታወቀ። «ጣሳውን የነካ አብዮቱን ነክቷል» አለ። ከዚያ ደብተሩን ለማየት ጠየቀ። በሰኔ ወር ዝናቡ ገና ሳይጀምር «የክረምቱ ዝናብ አጥጋቢ ነው፣ እርሻውም መቶ በመቶ ተሸፍኗል» ብሎ ሪፖርት ልኮ ነበር። ገጹን ከላይ እስከ ታች አየውና ፊቱ ጠቆረ።

«ጓድ መምህር፣ ይህ ‹የለም› የሚለው ቃል በዝቷል።»

«ዝናቡ ስለሌለ ነው፣ ጓድ።»

«አሥረኛው የአብዮት በዓል ደርሷል። በእንዲህ ያለ ቃል አንቀበለውም። ‹በመጠኑ› በል።»

«በመጠኑ የለም ልበል?»

«ትቀልዳለህ?»

«አልቀልድም። ልጆቹን የምታዩትን ጻፉ ብያቸዋለሁ።»

ጓድ አዝመራው አሰበ። «መልካም» አለ። «የሚታይ ነገር እናደርጋለን።»

ጥድ አምባ እንግዲህ ሁለት ሃይማኖት ነበራት። አንደኛው ዝናቡ ጣሳው ውስጥ ታስሯል ይላል፤ ሁለተኛው ዝናቡ ደብተሩ ላይ ከተጻፈ ዘንቧል ይላል። የትኛው እንደሚሻል መፍረድ አልችልም። የመሪጌታ ቢያንስ ጾም ነበረው።

እኛ ነሐሴ ሃያ ሁለት ደረስን። ቡሄ ካለፈ የለም ክረምት እንዲሉ፣ ሰማዩ እንደ ታጠበ ሳህን ጠርቶ ነበር። ሊቀመንበራችን በበቅሎ፣ እኔ ቅጾቹን ተሸክሜ በእግሬ። በመንገዱ ግራና ቀኝ ገብሱ ከቁርጭምጭሚት ሳያልፍ ቢጫ ሆኗል። መሬቱ ተሰነጣጥቋል፤ አንዱ ስንጥቅ ውስጥ የበቅሎዋ እግር ገብቶ ሊቀመንበሩ ሊወድቅ ነበር። «መንገዱ አይመችም» አለ።

ሕዝቡ በትምህርት ቤቱ ግቢ ተሰብስቦ ጠበቀን። መሪጌታ ደባሱ ጥምጣማቸውን አሳምረው ከፊት ቆመዋል። ጓድ አዝመራው እየመራ ወደ እንጨቱ ወሰደን። መምህር ታፈረን ያየኋቸው ያን ጊዜ ነው፤ ቀጭን፣ ረጅም፣ ኮታቸው እጅጌው ያጠራቸው ሰው ናቸው። ደብተሩን በሁለት እጃቸው ይዘው ለሊቀመንበሩ ሊሰጡ ሲዘረጉ ዓይናቸው ጣሳው ላይ ዐረፈ፤ እጃቸውም በመንገድ ቀረ።

ጣሳው ሙሉ ነበር።

«ይህማ ተትረፍርፏል!» አለ ሊቀመንበሩ።

«በትላንትናው ዕለት ዝናብ ነበር» አለ ጓድ አዝመራው። ሕዝቡ ወደ መሬት አቀረቀረ። ዘንቧል እንዳይሉ ሜዳው ያያቸዋል፤ አልዘነበም እንዳይሉ ጓድ አዝመራው ያያቸዋል። «የሰፊው ሕዝብ ልጅ ታንብበው!»

ፀሐይቱ ድንጋይ ላይ ቆማ ወደ ጣሳው ጎንበስ አለች። «አሥራ አራት መስመር» አለች።

«ጻፊው!»

ልጅቱ ግን እስክርቢቶዋን እንደያዘች ወደ መምህሯ ዞረች። «ጋሼ፣ ምን ልጻፍ?»

የቀበሌው ዘር፣ እስከሚቀጥለው መኸር የሚበላው እህል፣ ያ ሁሉ ሕዝብ አሁን በዚያች ጥያቄ ላይ ተንጠልጥሏል። «አትጻፊ» ቢሏት ሁለት ወር ያስተማሩትን ሕግ ራሳቸው ሊያፈርሱት ነው፤ ጓድ አዝመራውም አጠገባቸው ቆሟል። «ጻፊ» ቢሏት ደግሞ ያ ሁሉ «የለም» በአንድ ጣሳ ውሃ ይታጠባል። ከንፈራቸው ሲንቀሳቀስ አየሁ።

«የምታዪውን» አሏት። ድምፃቸው እምብዛም አልተሰማም።

ፀሐይቱ ጣሳውን አየች። ከዚያ ጎንበስ ብላ ከእንጨቱ ሥር እፍኝ አፈር አነሣች፤ በጣቶቿ መካከል አቧራ ሆኖ ወረደ። እጇን ቀሚሷ ላይ ጠርጋ ጻፈች። ለአንድ ቁጥር የሚበዛ ጊዜ ፈጀች። ጓድ አዝመራው ደብተሩን ነጥቆ ለሕዝቡ ጮክ ብሎ አነበበው።

«‹ነሐሴ ሃያ ሁለት። በጣሳው ውስጥ አሥራ አራት መስመር ውሃ አለ።›» ፈገግ አለ። ንባቡን አንዴ ስለጀመረው ማቆም አልቻለም። «‹ከጣሳው ውጭ የለም።›»

ወይዘሮ አገሬ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ቢያደርጉም ሳቃቸው አመለጣቸው። ከዚያ ሌላ ሰው ሳቀ፣ ከዚያ ግቢው በሙሉ። ሊቀመንበሩ ጉሮሮውን ጠረገና ወደ እኔ ዞረ።

«ቅጹ ምን ይላል?»

«‹የዝናብ መጠን፤ በቁጥር ብቻ ይሞላ› ይላል፣ ጓድ ሊቀመንበር።»

«ታዲያ ቁጥሩን ሙላ።»

ቁጥሩ የሚሞላባት የቅጹ ሣጥን የአውራ ጣቴን ጥፍር ታክላለች። «ከጣሳው ውጭ የለም» የሚል ዓረፍተ ነገር አትችልም። 14 ብዬ ጻፍኩ። በቅጹ ጠርዝ ላይ ልጨምረው እችል ነበር፤ ጠርዙ ባዶ ነበር። ሊቀመንበሩ ፈረመ፤ እኔ ማኅተሙን አተምኩ። ጥድ አምባ ዝናብ ካልጎደለባቸው ቀበሌዎች ተራ ገባች፤ ዘሩም እህሉም ቀረባት። ወደ ላሊበላ ስንመለስ አሸተን ማርያም ያለችበት ተራራ አንዲት ጉም እንኳ አልለበሰም ነበር። ሊቀመንበሩ «የአየሩ ጥራት!» እያለ ያደንቅ ነበር።

ሁለተኛ ያገኘኋቸው በኅዳር 1977 ነው። ወደ ጋሸና የተዛወሩበትን ደብዳቤ ያደረስኩላቸው እኔ ነኝ። ከላይ የጻፍኩትን የሥዕሉንና የማንቆርቆሪያውን ታሪክ የነገሩኝ በዚያ ቀን ነው፤ ማውራት የፈለጉ ይመስሉ ነበር፤ የቀረ ጎረቤት ብዙ አልነበራቸውም። ጣሳውን ማን እንደሞላውም የነገሩኝ ያን ጊዜ ነው። በዋዜማው ምሽት ጓድ አዝመራው በአንድ የአብዮት ጥበቃ እጅ ግማሹን አስሞላው፤ ሙሉ ከሆነ ይጠረጠራል ብሎ ነው። በማግስቱ ማለዳ መሪጌታ ደባሱ እስሩን ለመፍታት ጠበል በቅል ይዘው ሲመጡ ጣሳው ግማሽ ደርሶ አገኙት። ጸሎታቸው ገና መንገድ ላይ ሳሉ መሰማቱን አይተው አለቀሱ፤ የቀረውን በጠበሉ ሞሉት። በዚያ ዓመት በጥድ አምባ የተሳካ የኅብረት ሥራ ቢኖር ይህ ብቻ ነው። ጓድ አዝመራው ለበዓሉ አዲስ አበባ ደርሶ በዕድገት ተመለሰ። መሪጌታም በረዶ እንዳልወደቀ እስከ መጨረሻው ይናገሩ ነበር።

ያን ቀን ትምህርት ቤቱ ባዶ ነበር። «ልጆቹስ?» ብላቸው «ሰው ሁሉ እህል ፍለጋ ወደ መኪና መንገዱ ወርዷል» አሉ። ደብተሩን ልያዝልዎ አልኳቸው፤ ለምን እንደሆነ አሁንም አላውቅም። «ፀሐይቱ ይዛው ሄዳለች» አሉኝ። «‹ምናልባት የሚጠይቅ ካለ› አለች።»

ሦስተኛውና የመጨረሻው ጋሸና ነው፤ በ1980 የካቲት። ከወልድያ የመጣሁበት የጭነት መኪና ጎማው ፈንድቶ ስንቆም፣ ሾፌሮች ሻይ ከሚጠጡበት ቤት በር ላይ ያንኑ ጣሳ ታቅፈው ተቀምጠው አገኘኋቸው። ጠጉራቸው ሸብቷል። ያው አራተኛ ክፍል ያስተምራሉ።

«ምዕራፍ ስድስት ደረሰ?» አልኳቸው።

«ነገ እንጀምራለን። ሥዕሉ ያው ነው፤ ልጁ ዛሬም ይስቃል።»

ሻይ አዘዝኩ። ዓመታት ስመላለስበት የኖርኩትን ነገር እዚያ አወጣሁት። «ሣጥኗ ጠባብ ነበረች፣ መምህር» አልኩ። «ጠርዙ ግን ባዶ ነበር።»

«ቁጥሩን ግን በትክክል ነው የጻፍከው» አሉኝ፤ ለተማሪ እርማት እንደሚሰጥ ሰው በትሕትና። ከዚህ የባሰ ነገር የተናገረኝ ሰው የለም።

ሾፌሩ ጥሩንባውን ነፋ። ልነሣ ብዬ ተመልሼ ተቀመጥኩ።

«ፀሐይቱስ?» አልኳቸው። «ያቺ ልጅ የት ደረሰች?»

መምህር ታፈረ የሻይ ብርጭቋቸውን ወደ ጎን አደረጉ። ጣሳውን ጉልበታቸው ላይ አስቀምጠው ውስጡን በመሃረባቸው መወልወል ጀመሩ፤ መስመሮቹን አንድ በአንድ።

«ሌላ ጠይቀኝ» አሉ።